የውጭ ባለሙያ ለማስመጣት ያሰበ የጅማ ቡና ነጋዴ ወረቀቱን በክረምት ይጀምር

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ፣ የእሸት ግዥ የሚጦፈው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የተለቀመ ቀይ እሸት ዕለቱን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፤ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። በመሆኑም ከውጭ የተገዛ መፈልፈያ ሳይተከል ቀርቶ፣ ተካዩ ባለሙያ በጥር ወር ቢደርስ ለባለቤቱ የሚፈይድለት ነገር የለም። የዓመቱ እሸት አልፏል፤ የባንክ ወለዱ ግን አላለፈም።

ባለሙያው የሚዘገይበት ምክንያት በአብዛኛው የአውሮፕላን ቲኬት ሳይሆን ወረቀት ነው። ብዙ አሠሪዎች ማሽኑን ለመግዛት ወራት ያስባሉ፣ ዋጋ ያወዳድራሉ፣ የባንክ ሰው ደጅ ይጠናሉ። ማሽኑን የሚተክለው ሰው የሥራ ፈቃድ ትዝ የሚላቸው ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ነው።

የውጭ ባለሙያ ፍላጎቱ በአካባቢው እየሰፋ የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በምዕራብ ኢትዮጵያ የገበሬ ማኅበራትን ሲያደራጅ፣ ውኃ የሚቆጥቡ የኮሎምቢያ ሥሪት የፔናጎስ መፈልፈያዎች ወደ አካባቢው ገቡ። በአጋሮ በኩል ያለው የዱሮሚና ማኅበር በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ከወጣ በኋላ፣ በጀንፈል ንግድ ብቻ ይታወቅ የነበረው የጅማ ነጋዴ ዓይኑን ወደ ታጠበ ቡና አዞረ። ከዚያ ወዲህ በቀለም የሚለዩ ማበጠሪያዎች፣ ማድረቂያዎችና መቁያዎች ተከተሉ። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክም የውጭ ባለሙያን ጥያቄ ከቡናው መስክ ውጭም አስፍቶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢንቨስትመንት ቦርድ ቀደም ሲል ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ የነበረውን የጥሬ ቡና ላኪነት፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። የጅማ ነጋዴ ከዚህ በኋላ የሚወዳደረው ሥራ አስኪያጁንና የጥራት ሹሙን ከአገሩ ይዞ ሊመጣ ከሚችል ኩባንያ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል አይቆሙም። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ከፍተኛ የሥራ አመራሩን ከውጭ እንዲቀጥር ሰፊ በር ይከፍትለታል። ከዚያ በታች ላለው የሥራ መደብ ግን የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ባለሀብት አንድ ነገር ማሳየት አለበት። ይኸውም ተመሳሳይ ችሎታ ወይም ልምድ ያለው ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱን ነው። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያለው ድርጅት ጉዳዩን የሚጨርሰው በኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል ሲሆን፣ በንግድ ፈቃድ ብቻ የሚሠራው ነጋዴ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይሄዳል። በጅማና በአዲስ አበባ መካከል ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገልግሎቱ ከፊል በኤሌክትሮኒክስ መንገድ መቅረብ ቢጀምርም፣ ወረቀቱ ጎድሎ የተመለሰበት ሰው መንገዱን ደጋግሞ መቁጠሩ አልቀረም።

ማመልከቻውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ «ኢትዮጵያዊ ለምን አልተገኘም» የሚለው ጥያቄ ነው። በሌላ ከተማ ይህን ጥያቄ በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ ይቻል ይሆናል። በጅማ ግን አይቻልም። ምክንያቱም ጅማ በቡና ሙያ የአገሪቱ ትምህርት ቤት ናት።

ነገሩን በታሪክ ማየት ይጠቅማል። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተቋቋመው፣ አሜሪካ በፖይንት ፎር ዕርዳታ በላከቻቸው የኦክላሆማ መምህራን ነበር። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚባለው የዚያ ወራሽ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ በመልኮ ባለው የጅማ ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያውያኑ ጋር የሠሩት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ሆላንዳዊ የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ቫን ደር ግራፍ ነበሩ። ሥራው በሽታው ባወደመው ማሳ ውስጥ ሳይነኩ የቀሩትን እናት ዛፎች እየለዩ ዘር መውሰድ ነበር። ገበሬው ዛሬም 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ዘመን ውጤት ናቸው፤ ቁጥሩ በ74 የሚጀምረውም በ1974 እ.ኤ.አ. ስለተመረጡ ነው። ፈረንጁ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ሥራው ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ፤ ከማዕከሉም በርካታ ዝርያዎች ወጡ።

ይህን የሚያውቅ የፈቃድ ሹም፣ ከጅማ የመጣ አሠሪ «የቡና አግሮኖሚስት ከውጭ ይምጣልኝ» ብሎ ቢያመለክት ምን ብሎ እንደሚመልስለት መገመት አያዳግትም። የቡና ቀማሽም እንዲሁ ነው፤ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ቀማሽ ከአገር ውስጥ አልፎ ውጭ አገር የሚፈለግበት ጊዜ ነው። በተቃራኒው የአንድ ፋብሪካ ሥሪት የሆነ የቀለም መለያ ማሽንን የሚተክልና የሚያስተካክል፣ ፋብሪካው ራሱ ያሠለጠነው ቴክኒሻን ከሆነ ማመልከቻው እግር ያገኛል። እዚህ ላይ የሚረዳው የማሽኑ የግዥ ውልና የአምራቹ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው «ይህን ማሽን ያለ እኛ ሰው መትከል ዋስትናውን ያፈርሳል» የሚል ከሆነ ከአሠሪው አሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። በጋዜጣ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ቅጂና የአመልካቾች ዝርዝር ከተያያዘ ደግሞ «ፈልጌ አጣሁ» የሚለው ቃል ማስረጃ ይኖረዋል።

የሚያያዙት ወረቀቶች ለነጋዴው እንግዳ አይደሉም፦ የታደሰ የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በሁለቱም ወገን የተፈረመ የሥራ ውል፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ፎቶግራፍ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ። ጊዜ የሚበላው የመጨረሻው ነው። የውጭ አገር ዲፕሎማ በተሰጠበት አገር ተረጋግጦ፣ በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ታይቶ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ማግኘት አለበት። ባለሙያው አገሩን ከለቀቀ በኋላ ይህን ማስጨረስ እጥፍ ልፋት ነው። በሐምሌ የተጀመረ ወረቀት ለጥቅምት ሊደርስ ይችላል፤ በመስከረም የተጀመረ ግን ዕድሉ የጠበበ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ስሕተቶችም ፋይሉን ይመልሱታል። የባለሙያው ስም በፓስፖርቱ ላይ ሦስት ቃል ሆኖ በውሉ ላይ ሁለት ሲሆን፣ ውሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ዲፕሎማው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ከምረቃው በፊት ሥራ የጀመረ የሚመስል ሰው ይፈጠራል። በውሉ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ የሚያስከፍለው ነገር የለም። የሥራ መደቡም ስም ይታሰብበት። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት በመሆኑ «አማካሪ» ተብሎ የገባ ሰው ማሽን ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ ቢገኝ ችግሩ ለአሠሪው ነው።

ከዚህ የባሰው የቪዛው ነገር ነው። «ለጊዜው በቱሪስት ይግባ፣ ከገባ በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ በየከተማው አይጠፋም። ቱሪስት ሆኖ የገባ ሰው ሥራ መሥራት አይችልም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል አሠሪው አስቀድሞ ድጋፉን አግኝቶ ባለሙያው በሥራ ቪዛ መግባቱ፣ ከዚያ የሥራ ፈቃዱን ማውጣቱ፣ በመጨረሻም ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት የመኖሪያ ፈቃድ መያዙ ነው። ደላላው የሚያሳጥረው መንገድ የለም፤ ቅጣቱ ሲመጣ ደግሞ ስልኩን አያነሣም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት የሚሰጥና በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ሚኒስቴሩ ጊዜውን ሊለውጠው ይችላል። የውጭ ሰው ለሥራው አያስፈልግም ብሎ ካመነም ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል። በእድሳት ጊዜ የሚጠየቀው ተተኪው ኢትዮጵያዊ የት ደረሰ የሚለው ነው። በማመልከቻው ላይ የዘበኛውን ወይም የእህቱን ልጅ ስም በተተኪነት የሞላ አሠሪ በዓመቱ መልስ ያጣል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አንድ ወጣት መካኒክ ቀጥሮ ከፈረንጁ ጎን ያቆመ ግን ሁለት ነገር ያገኛል፦ ለእድሳቱ ማስረጃ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያለ ዶላር የሚሠራ ሰው።

ሌላም ብዙ አሠሪዎች የማያስተውሉት በር አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የያዘ የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከጅማና ከአጋሮ ወጥተው በውጭ አገር በምግብ ፋብሪካና በማሽን ጥገና የሠሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የሚፈለገው ባለሙያ ከእነርሱ መካከል ከተገኘ የወራት ወረቀት ይቀራል።

ሒሳቡ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ በወር 2,000 ዶላር የተቀጠረ ቴክኒሻን 114,000 ብር ያህል ያወጣ ነበር። ገበያው ተለቅቆ ዶላር 100 ብርን ሲሻገር ያው ሰው ያለ ጭማሪ ከ200,000 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ብሩ ይበልጥ ወርዷል። ከፍተኛው የደመወዝ ግብር 35 በመቶ መሆኑና ውሉ «የተጣራ» የሚል ከሆነ ግብሩ በአሠሪው ትከሻ ላይ እንደሚወድቅም ሲፈርሙ ልብ የማይሉ አሉ። ስለዚህ ማሽን ብቻ ለሚተክል ሰው የዓመት ውል መፈረም አያዋጣም። ተከላውን፣ ሙከራውንና የመጀመሪያዎቹን የእሸት ሳምንታት የሚሸፍን አጭር ውል፣ የጉዞና የማረፊያ ወጪውን ማን እንደሚችል ቁርጥ አድርጎ የሚገልጽ፣ እሸት ካልደረሰ ወይም ማሽኑ በጉምሩክ ከዘገየ የባለሙያው መምጫ ቀን የሚገፋበትን አንቀጽ የያዘ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ከማሽን ሻጩ ጋር መደራደር የሚቻለው ግን የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ነው።