ደንበኛ ቺፕ፣ ደንበኛ ሻጭ

ስለ ሐሰተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በተነሣ ቁጥር ከመርካቶ እስከ ጋምቤላ የሚሰማው አባባል ሁለት ነው፤ አንደኛው «ፎርጅድ ቺፕ ውስጡ ባዶ ነው፣ አይሠራም» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ቆላ ላይ ቶሎ የሚሞት ፋኖስና ቻርጀር ሁሉ ፎርጅድ ቺፕ ስላለበት ነው» የሚል ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ስለሚወልድ ደግሞ በዜና መልክ ሲደጋገም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ባዶማ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ከሚገጣጥመው ሠሪ ጠረጴዛ ሳይነሣ ይታወቅ፣ ማንንም ሳይጎዳ ይቀር ነበር። ጉዳት የሚያደርሰው የሚሠራው ፎርጅድ ነው።

ቺፕ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም፤ ከጥፍር ባነሰች የሲሊከን ቅንጣት ላይ የተቀረጹ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች ስብስብ ሲሆን፣ ቅንጣቷ ከፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ከብረት እግሮቹ ጋር ተያይዛ በጥቁር ፕላስቲክ ታሽጋለች። ስልክ ጠጋኞች «አይሲ»፣ ጋዜጦች «ቺፕ» የሚሉት ይኸንኑ ነው። ችግር ያለበት ቃል «ፎርጅድ» ነው፤ ምክንያቱም ገበያው በዚህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራበታል። ያገለገለ ቺፕ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ ፎርጅድ ነው፤ በፋብሪካ ፍተሻ ወድቆ መወገድ የነበረበት ቺፕ በጓሮ በር ወጥቶ ሲሸጥ ፎርጅድ ነው፤ የሌላ ኩባንያ ሥራ የታዋቂው ኩባንያ ስም ተጽፎበት ሲሸጥም ፎርጅድ ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ ቅጂ ግን ቅጂ እንጂ ሐሰተኛ አይደለም፤ ርካሽ የሆነ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም፣ ከቻይና የመጣ ሁሉም አይደለም። ድሬዳዋ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ «ታይዋን» እየተባለ ሲጠራ ስሙ ከርካሽነት ጋር ተያይዞ ቢኖርም፣ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁት ቺፖች በአብዛኛው የሚመረቱት እዚያው ታይዋን ደሴት ላይ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ ሊመረመር የሚገባው የመጀመሪያው፣ ማለትም አሮጌው እንደ አዲስ የሚሸጠው ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ በምናለሽ ተራ በርሜሉ ምጣድና ምድጃ፣ ጎማው ጫማና ገመድ ሆኖ ሌላ ዕድሜ ያገኛል፣ ገዢውም በርሜል እንደነበረ አይቶ አውቆ ይገዛል። በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት የምትገኘው ጉዪዩ የምትባል ከተማ ለረጅም ዓመታት የዓለም የተጣለ ኮምፒውተር መከማቻ የነበረች ስትሆን፣ እዚያ ይሠራ የነበረውም በመሠረቱ ከምናለሽ ተራ ሥራ አይለይም ነበር፤ የሚለየው ለገዢው የሚነገረው ነገር ብቻ ነው። ቺፖቹ የተበየዱበት ቦርድ በከሰል እሳት ላይ ይያዛል፤ ቺፑን ከቦርዱ ጋር ያያያዘው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ 183 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ ቦርዱ ሲመታ ቺፖቹ እንደ በሰለ ፍሬ ይረግፋሉ። ከዚያ ይታጠባሉ፣ በመጠን ይለቀማሉ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው የቀድሞ ጽሑፍና ቀን በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ፍቀቱ እንዳይታይ ስስ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ በላዩ አዲስ ስምና አዲስ ቀን በሌዘር ይጻፋል። የተለወጠው የቺፑ ታሪክ ብቻ ነው፤ ሲሊከኑ ያው የድሮው፣ ብዙ ጊዜም እውነተኛው ኩባንያ የሠራው ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው በእሳቱ ላይ ሲሆን፣ ይህን ለመረዳት ፈንዲሻን ማሰብ ይበቃል። የበቆሎ ፍሬ በውስጡ ትንሽ እርጥበት አለው፤ በዝግታ ቢሞቅ እርጥበቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ በድንገት ቢሞቅ ግን እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ፍሬውን ያፈነዳዋል። የቺፕ ጥቁር ፕላስቲክም እንዲሁ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ጥንቃቄ የሚያውቅ ፋብሪካ እርጥበት የጠጣውን ቺፕ ከመበየዱ በፊት በምድጃ ለሰዓታት የሚያደርቀውም ለዚህ ነው። ከሰል ላይ የተያዘ ቦርድ ግን ማንም አያደርቀውም። ውስጡ የተፈጠረው እንፋሎት ፕላስቲኩን ከሲሊከኑ ያላቅቀዋል፤ መላቀቁ ከውጭ አይታይም፣ ቺፑም መሥራቱን ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሙቀት ጉዳይ ነው። ሲሊከን በአንድ ዲግሪ ሙቀት የሚለጠጠው ከሚሊዮን ሦስት እጅ ያህል ብቻ ሲሆን ፕላስቲኩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚለጠጥ፣ ሁለቱ ተጣብቀው እያሉ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ከተላቀቁ በኋላ ግን በየሙቀቱና በየቅዝቃዜው ፕላስቲኩ በሲሊከኑ ላይ ይንሸራተታል፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎችም ከሥራቸው እያወዛወዘ ይነቅላል፤ በላላ በር ላይ ያለ ማጠፊያ ምስማሩን ቀስ በቀስ እንደሚያወጣው ማለት ነው።

ይህ ሙቀት እንደ ቦታው ይለያያል፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኢታንግ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች የተከፈተው የኩሌ መጠለያ ጣቢያም በዚሁ ቆላ ነው፤ በበጋው መጨረሻ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍል የተገጣጠመ የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ በዚያው በቀዝቃዛው ክፍል ሲፈተሽ ያልፋል፤ ኩሌ ሲደርስ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። በዚያው ሳጥን ውስጥ ባትሪውን የሚሞላ እንደ ቲፒ4056 ያለ ቺፕ ካለበት ደግሞ ሙቀቱ ይደረባል፤ ይህ ቺፕ 5 ቮልት ተቀብሎ ለ3.7 ቮልት ባትሪ 1 አምፔር ሲሰጥ የተረፈውን 1.3 ዋት ሌላ መንገድ ስለሌለው ከባቄላ ፍሬ በማይበልጥ አካሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ውስጡ የተላቀቀው ጎረቤት ቺፕ በዚህ ሙቀት ሽቦው ከሥሩ ብድግ ይልና ሥራ ያቆማል፤ ሲመሽ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ሽቦው ተመልሶ ይነካና ዕቃው ይነሣል። ቀን የሚሞት፣ ማታ የሚነሣ ዕቃ ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስ «ምንም የለውም» ይባላል፤ ወይም ያለ ጥፋቱ ባትሪው ይለወጣል።

እዚህ ላይ ግን ከጉዳዩ ጋር የሚኖሩ መሐንዲሶች ራሳቸው የማይስማሙባቸው ነገሮች አሉና ቃል መቆጠብ ያስፈልጋል። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣውን ቲፒ4056 ራሱን ነቅሎ ማጠብ ማንንም አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው ቺፕ ፎርጅድ ከሆነ ወይ ፍተሻ የወደቀ ነው ወይ የሌላ ሥራ ነው። ነቅሎ መሸጥ የሚያዋጣው ውድ ወይም የጠፋ ቺፕ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የዓለም የቺፕ እጥረት ከዚያ በፊት ርካሽ የነበሩ ማይክሮኮንትሮለሮች፣ ማለትም የዕቃውን ሥራ የሚመሩ ጥቃቅን ኮምፒውተሮች፣ በድንገት ወደዚህ ጎራ ገብተው ነበር። ሁለተኛም፣ ቆላ ኦርጅናሉንም ይገድላል፤ በየቻርጀሩ ውስጥ ያለው በፈሳሽ የተሞላ ካፓሲተር በየ10 ዲግሪው የሙቀት ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ የሚነገረው ስሌት ግምታዊ ቢሆንም አቅጣጫው ትክክል ነው። ሦስተኛም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቺፑ ሳይሆን ባትሪው ነው። 18650 በመባል የሚታወቀው የሊቲየም ባትሪ ላይ «9900» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ቁጥሩ ባትሪው የሚይዘውን በሚሊአምፔር-ሰዓት የሚገልጽ ሲሆን በዚህ መጠን የተሠራ ባትሪ የዚህን ግማሽ እንኳ አይይዝም። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ወርቅ በሚመዘንበት ሚዛን ቢመዘን ደህናው 45 ግራም ገደማ፣ ሐሰተኛው 30 ግራም ገደማ ሲሆን ይገኛል።

የወርቅ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ መገኘቱ የሚታወስ ነው። ያ ማጭበርበር በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ደካማ ነበር፤ የወርቅ አንድ ኩብ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ሲመዝን የብረት 7.8 ብቻ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ይበቃ ነበር። በተንግስተን ቢሠራ ኖሮ ክብደቱ ከወርቅ ጋር እኩል ስለሚሆን ውኃውም አያጋልጠውም ነበር። ያገለገለ ቺፕ ከተንግስተንም የባሰ ነው፤ ሲሊከኑ እውነተኛ ስለሆነ ሚዛኑ፣ ቅርጹ፣ አብዛኛውም የኤሌክትሪክ ጠባዩ ልክ ነው። ቀለሙን በአሴቶን ማስለቀቅ፣ በኤክስሬይ ማየት፣ ፕላስቲኩን በናይትሪክ አሲድ አቅልጦ ሲሊከኑን በማይክሮስኮፕ ማንበብ ይቻላል፤ የመጨረሻው ግን ቺፑን ያጠፋዋል። አምስት መቶ ቺፕ የገዛ አነስተኛ ሠሪ አምስት መቶውን በአሲድ ሊያቀልጥ አይችልም።

የሚሠራ ፎርጅድ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳየው በስኮትላንድ የሚገኘው የኤፍቲዲአይ ኩባንያ ጉዳይ ነው። ኤፍቲ232 የተባለው ቺፑ ኮምፒውተርን ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቶ የታየ አንድ ሐሰተኛ ቅጂ ውስጡ የተገኘው ፈጽሞ ሌላ ንድፍ፣ ማለትም እንደ ኤፍቲ232 እንዲያስመስል ፕሮግራም የተጻፈለት ማይክሮኮንትሮለር ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኩባንያው በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ሶፍትዌር ሐሰተኞቹን እየለየ የመለያ ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ለወጠው፤ ትናንት ይሠሩ የነበሩ ዕቃዎች ኮምፒውተር የማያውቃቸው ሆኑ። ከቁጣ በኋላ ማሻሻያው ተነሣ። የቅጣቱ ሰለባዎች ግን ቺፑን ያስመሰሉት ሰዎች አልነበሩም፤ ኦርጅናል ነው ብለው የገዙ አነስተኛ ሠሪዎችና የእነሱ ገዢዎች ናቸው።

ታዲያ መመርመር የማይችል ገዢ ምን ያደርጋል? አማርኛ መልሱን በአንድ ቃል ይዞት ኖሯል። «ደንበኛ» የሚለው ቃል ገዢውንም ሻጩንም ይጠራል፤ ሁለቱም እርስ በርስ «ደንበኛዬ» ይባባላሉ። ያው ቃል ደግሞ ትክክለኛውን፣ እውነተኛውን ነገር ይገልጻል፤ ደንበኛ ቅቤ ሙዝ ያልገባበት ቅቤ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ባወጣው ጽሑፍ ያሳየው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ማየት ካልቻለ ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ስለሚሰጥ ጥሩው ዕቃ ከገበያው ይሸሻል። እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያ እህል ገበያን ስታጠና ያገኘችውም ነጋዴው በሩቅ ያለውን እህል ሳያይ የሚገዛው በሚያውቀው ደላላ በኩል መሆኑን ነው። ስለዚህ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከቺፕ አምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ መግዛት የማይችል፣ ከዱባይ ወይም ከጓንጁ በሻንጣ ከሚያመጣ አንድ ሰው ዓመት ከዓመት የሚገዛ ሠሪ «ኋላ ቀር» ተብሎ ሊነቀፍ አይገባውም፤ አሲዱና ኤክስሬዩ የሌለው ሰው ያለው መለኪያ ደንበኝነቱ ነው።

መለኪያው ግን እንከን አለበት። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምርመራ ሐሰተኛ ተብለው የተጠረጠሩ 1,800 ያህል ጉዳዮችንና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎችን ያገኘ ሲሆን፣ ዕቃዎቹ ወደ ኋላ ሲከተሉ በብዙ እጅ ያለፉ ነበሩ፤ የመጨረሻው ሻጭ ቅን ሆኖ ሳለ ራሱ የተታለለ ሊሆን ይችላል። ደንበኝነት የሚለካው የሰውየውን ቅንነት እንጂ ከእርሱ በስተጀርባ ያለውን ሰንሰለት አይደለም። ሰንሰለቱን የሚያስተካክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተበላሸው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ሠሪው ከየግዢው ባስቀመጣቸው ጥቂት ቺፖች ላይ ከተጻፈው የሻጭ ስምና ቀን ጋር አስተያይቶ ሻጩን መጠየቅ ሲችል፣ ሻጩም የራሱን ሻጭ ሲጠይቅ።

ከኩሌ ግን የሚመለስ የለም። አዲስ አበባ ከጋምቤላ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የሞተ ፋኖስ የሚመለስበት የትራንስፖርት ወጪ ከፋኖሱ ዋጋ ይበልጣል። በመሆኑም ሠሪው ቆላ ላይ የደረሰውን ሳይሰማ ያንኑ ሻጭ ማመኑን ይቀጥላል። ለኩሌና ለአካባቢው ዕቃ የሚያቀርቡ ሁሉ፣ የእርዳታ ድርጅቶችም ነጋዴዎችም፣ ከሞቱት ዕቃዎች በየጊዜው ጥቂቶቹን፣ በተለይም ቀን ሞተው ማታ የሚነሡትን፣ ሳይጠግኑና ሳይጥሉ በሠሪው ስም ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ባዶ መኪና ቢልኩ ይበቃል።