በገንዳ ውኃ ችሎት

በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት በአደባባይ ይካሄድ ነበር፤ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጣል፣ ሲያስፈልግም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ የችሎትን በር ለሕዝብ ክፍት ያደረገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። የሕግ ተማሪም ለኤክስተርንሺፕ (ለተግባር ልምምድ) ሲመደብ የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ ምደባው ወደ መተማ ቆላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማያገኘውን ያያል።

መተማን የያዘው የምዕራብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያስችለው በዞኑ ዋና ከተማ በገንዳ ውኃ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። የኮንትሮባንድ ዓይነት ጉዳይ በማይጠፋበት የሱዳን ድንበር ይህ ትልቅ ሸክም ነው። የእርሻ መሬት ክርክር የሰማው ዳኛ የፌዴራል መዝገብም ይጠብቀዋል። ይግባኙ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወዳለበት ባሕር ዳር ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ ስንለማመደው መስቀለኛ ጥያቄ ፈጣን ነበር። ችሎት ላይ ግን ዳኛው የምስክሩን ቃል በእጃቸው ይጽፋሉ። ምስክሩ ትንሽ እንደተናገረ “ቆይ” ይባላል፤ እስክሪብቶው እስኪደርስበት ዝም ብሎ ይቆማል። በዚያ ዝምታ መሐል የጠበቃው ጥያቄ ይቀዘቅዛል፣ ምስክሩም መልሱን ያሰላስላል። ልምድ ያለው ጠበቃ አጭር ጥያቄ የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ መልስ ለይግባኝ አይጠቅመውም።

ተከሳሹ ዓረብኛ ወይም ጉሙዝኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ማግኘት በዚያው በአንቀጽ 20 የተሰጠው መብቱ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን የተከሳሽ ዘመድ ወይም በጉዳዩ ምስክር የሆነ ሰው እንዳያስተረጉም ይከለክላል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ዘመድም ምስክርም ያልሆነ አስተርጓሚ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መጽሐፍ አይነግረንም። ተከሳሹ ረጅም ተናግሮ አስተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርሰው ያየ ተማሪ፣ አንቀጽ 20ን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ የምስክር ነገር ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማ ይወርዳል። ማሳ ላይ ጠብ ተነሥቶ ሰው ቢቆስል ያየው ይኸው ሠራተኛ ነው። ፍርድ ቤቶች ከክረምት ዕረፍት ተመልሰው መደበኛው ችሎት ሲከፈት ግን አጨዳው እየተገባደደ፣ ሠራተኛውም ደመወዙን ተቀብሎ እየተበተነ ነው። መጥሪያ የያዘው ፖሊስ “አገሩ ገብቷል” የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ድንበር የተሻገረ ከሆነማ ማን ይደርስበታል? ዐቃቤ ሕግ ተለዋጭ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዋስትና የተከለከለው ተከሳሽ ወደ ማረፊያ ቤት ይመለሳል፣ የተጎጂው ቤተሰብም በመጣበት መንገድ። የመስክ ምስክር ያለበት መዝገብ ከዕረፍቱ በፊት ወይም በተረኛ ችሎት ቀድሞ ቢሰማ፣ በምስክር እጦት የሚዘጋው መዝገብ ይቀንስ ነበር።