«የቀለም ጥልቀት» ወይስ «የቀለም እርከን»?

በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ለመግለጽ የሚመደበው የቢት ብዛት፣ የእንግሊዝኛው ስያሜ ቃል በቃል ሲመለስ «የቀለም ጥልቀት» ይሆናል። በአማርኛ ግን ጥልቀት የጉድጓድና የባሕር ነው፤ ቀለም ይደምቃል ወይም ይፈዛል እንጂ አይጠልቅም። ከዚህም በላይ «ቀለም» ትምህርት ማለት ጭምር ስለሆነ፣ «ጥልቅ ቀለም ያለው» ሲባል አንባቢ የሚያስበው ሊቅን ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ የሚያመለክተው ድምቀትን ሳይሆን ቁጥርን ነው። 1 ቢት 2 ቀለም ብቻ ይለያል፤ 8 ቢት 256 ይለያል። 24 ቢት ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው 256 ደረጃ ስለሚሰጥ፣ ሦስቱ ሲባዙ 16,777,216 ይሆናሉ።

በአጋሮ ላለ ገበሬ ስለ ቡና ለቀማ የሚዘጋጅ ሥዕላዊ መመሪያን እንመልከት። ጥሬውን ፍሬ፣ ቀዩን እሸትና የደረቀውን ጀንፈል መለየት ይኖርበታል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ባለው የ1 ቢት ሥዕል የእሸቱ ቅላት አይታይም። ስሙን ከቡና የወሰደው ቡናማም በስክሪን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከቀይ ከፍ፣ ከአረንጓዴ ዝቅ፣ ከሰማያዊ ይበልጥ ዝቅ ካሉ ደረጃዎች ይገኛል። ደረጃዎቹ ጥቂት ሲሆኑ የጀንፈልና የተቆላ ቡና ልዩነት ይደበዝዛል። ተርጓሚው «የቀለሙን ጥልቀት ጨምር» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ሥዕሉን ያደምቃል፤ የጠፋው ልዩነት ግን አይመለስም።

ስለሆነም «የቀለም እርከን» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ አገባቡም «ባለ 24 ቢት የቀለም እርከን» ይሁን። እርከን ደረጃ በደረጃ መለየትን ስለሚያሳይ ለገበሬውም ለባለሙያውም ግልጽ ነው።