ኮከብ ሲወረወር የሚቀረው ምንድን ነው?

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ባለእጆች አሮጌ ብረት ቀጥቅጠው ለአዲስ ሥራ ያውላሉ። ብረቱን በሚሽከረከር መሳያ ሲስሉት ይግላል፤ ፍንጣሪውም ይረጫል። በሰማይም ይህን የሚመስል ነገር አለ።

ሌሊት «ኮከብ ተወረወረ» እንላለን። ነገር ግን የሚወረወረው ኮከብ አይደለም። ከጠፈር የሚመጣ ድንጋይ ነው፤ አብዛኛውም እንደ አሸዋ ቅንጣት ትንሽ ነው። በ1 ሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ከአየር ጋር ሲጋጭ ይግላል፣ ያበራል፣ ይተናል። በውስጡ የነበረው ብረትና ሶዲየም ከምድር 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደ ስስ ጉም ተዘርግቶ ይቀራል። ሶዲየም ከገበያ በምንሸምተው ጨው ውስጥም አለ።

ታዲያ ማንም ሳይወጣ ይህ በምን ታወቀ? በቡታጋዝ ሰማያዊ ነበልባል ላይ ጨው ጣል ብናደርግ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው የሶዲየም ምልክት ነው። ሌዘር የሚባለው መሣሪያ ልክ ይህንኑ ቢጫ ብርሃን አቅጥኖ ወደ ሰማይ ይልካል። ሶዲየሙ ተቀብሎ መልሶ ያበራል። መልሱን በቴሌስኮፕ እንሰበስባለን። ነገሩ እንደ ገደል ማሚቶ ነው፤ ድምፁ ሲዘገይ ገደሉ ሩቅ መሆኑን እናውቃለን። ብርሃንም በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ የተመለሰበት ጊዜ ከፍታውን ይነግረናል።

በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ሶዲየሙን መለካታቸውን ያሳወቁት በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬ የዚያ ከፍታ ነፋስና ሙቀትም በዚሁ ይለካል።

እንግዲህ ኮከብ ሲወረወር ብናይ አንፍራ። መዓት አይደለም፤ ብረትና ሶዲየም የያዘ ድንጋይ ነው።