መርዝ የሚቆርጠው ኢንዛይም

በፊሊፒንስ ዲያዚኖን የተባለው ጸረ-ተባይ ተደጋግሞ በተረጨበት የሩዝ ማሳ፣ መድኃኒቱ ከውኃው ውስጥ ቶሎ ቶሎ መጥፋት ጀመረ። ምን እየበላው ነው? በዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሴቱናታንና ዮሺዳ በ1973 እ.ኤ.አ. መልሱን ይፋ አደረጉ፤ ከማሳው ውኃ የለዩት ባክቴሪያ ነበር። ከዲያዚኖን እጅግ የሚከፋውን ፓራታዮንንም ያፈርሳል።

መርዙን የሚቆርጠው፣ ባክቴሪያው የሚሠራው ፎስፎትራይኤስቴሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ነፍስ ያለው ነገር አይደለም። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ብቅል የሚጨምሩት የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ስላሉበት ነው፤ ይኸኛው ደግሞ መርዝ ይቆርጣል። በእምብርቱ ሁለት የዚንክ አቶሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከውኃ የተገኘ ቅንጣት በመካከላቸው ይይዛሉ። ቅንጣቷ የመርዙን ፎስፈረስ ስትመታ ማሰሪያው ይበጠሳል። እነዚህ ኬሚካሎች የሚገድሉት ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን መልእክት የሚያጠፋውን የሰውነት ኢንዛይም አንቀው በመያዝ ስለሆነ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ መርዝ የሚያንቅበት እጅ የለውም። ኢንዛይሙ ግን ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ይዞራል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፍጥነቱ ነው። ፓራታዮን የተሠራው በ1940ዎቹ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ከማሳ ውኃ ውስጥ ቆራጭ ተገኘለት። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙ ቀድሞ ሌላ ሥራ ከነበረው ዘመዱ ተለውጦ የመጣ ነው ብለው ያስባሉ።

አውስትራሊያውያን ከሌላ ባክቴሪያ ያገኙትን የዚህን ኢንዛይም ዘመድ ከላቦራቶሪ አውጥተው ሞክረውታል። ከጥጥ እርሻ የወጣ፣ በሜቲል ፓራታዮን የተበከለ ከ80,000 ሊትር በላይ ውኃ ላይ ሲጨምሩት፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የመርዙ 90 በመቶ ጠፋ። ባክቴሪያውን መልቀቅ አላስፈለጋቸውም፤ ኢንዛይሙ ብቻ በቃ።

ሆኖም ለሁሉም መርዝ አይደለም። ዲዲቲን አይነካም፤ በዲዲቲ ውስጥ የሚቆረጥ የፎስፈረስ ማሰሪያ የለምና። ከፓራታዮን የሚተርፈው ቁራጭም ከመርዙ እጅግ ቢለዝብም ንጹሕ ውኃ አይደለም።

ዲያዚኖንና ማላታዮን በእኛም እርሻ ላይ የሚረጩ የፓራታዮን ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ ገበሬ ወንድሜ፣ እህቴ፦ መርጫችሁን ወንዝ ዳር አትጠቡ፤ እጣቢውንም ከብት ከሚጠጣበት አርቁት። ወንዙ ውስጥ እጣቢውን በ10 ደቂቃ የሚቆርጥላችሁ የለም።