መብራት ሄዶ ሲመጣ ያልተነሣ ሰርቨር

ፋይል ሲስተም በሃርድ ዲስክ ላይ የሠፈረውን ዳታ የሚያደራጅ መዝገብ ነው። ዲስኩ የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ቢሆን፣ ፋይል ሲስተሙ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ባሕር መዝገብ ነው። የትኛው ሰነድ የት እንዳለ፣ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ የትኛው መደርደሪያ ባዶ እንደሆነ የሚታወቀው ከእሱ ብቻ ነው። ባሕር መዝገቡ ቢቀደድ ሰነዶቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ ፈልጎ የሚያገኛቸው ግን የለም። ኮምፒውተር ድንገት “ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?” ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ መዝገቡን ማንበብ አቅቶት ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ሆኖ አይደለም። “እሺ” ብሎ የተጫነው ሰው በአሮጌው መዝገብ ላይ አዲስ ባዶ መዝገብ ያስከፍታል።

ነገሩ የሚወሳሰበው አንዱ ፋይል ሲስተም በብዙ ዲስኮች ላይ ሲዘረጋ ነው። ኮልፌ 18 ማዞሪያን በመሰለ ሰፈር ያለ፣ የሰርግና የልደት ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ፎቶ ቤት ይታሰብ። የአንድ ሰርግ ቀረጻ በመቶ ጊጋባይት ሊቆጠር ስለሚችል አንድ ዲስክ ቶሎ ይሞላል። ባለቤቱ አራት ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ይገዛል፤ ሳጥኑም አራቱን እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ያሳየዋል። ይህ አሠራር ሬይድ ይባላል። ስያሜው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ባሳተሙት ጥናት ነው። ሐሳባቸው አንድ ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማጣመር ነበር። ሬይድ 0 ፍጥነትና ቦታ ይሰጣል፤ አንዱ ዲስክ ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ሬይድ 1 እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። በብዛት የሚመረጠው ሬይድ 5 ደግሞ በሒሳብ ይተማመናል።

ሒሳቡ ለእድር ጸሐፊ እንግዳ አይደለም። ሦስት አባላት 50፣ 80 እና 40 ብር ከፈሉ፤ የእያንዳንዱ ክፍያ በየራሱ ወረቀት ተጻፈ፤ አራተኛው ወረቀት ላይ ድምሩ 170 ሠፈረ። ሁለተኛው ወረቀት ቢጠፋ ከ170 ላይ 50 እና 40 ሲቀነስ 80 ተመልሶ ይገኛል። ሬይድ 5 የሚሠራው በሁለትዮሽ ስሌት ነው፣ ድምሩንም በአንድ ዲስክ ሳይወስን በየተራ ያፈራርቀዋል፤ ብልሃቱ ግን ያው ነው።

አሁን ጸሐፊው 50ውን ሰርዞ 90 ጻፈ እንበል። ድምሩን 210 ብሎ ሊያርም ሲል መብራት ሄደ። ወረቀቶቹ ሁሉ አሉ፣ አንድም የጎደለ የለም፤ ስለዚህ ማንም ችግር አያይም። ከወራት በኋላ ሁለተኛው ወረቀት ሲጠፋ ከ170 ላይ 90 እና 40 ይቀነሳል፣ የሚገኘውም 40 ነው። በዚያ ምሽት ማንም ያልነካው 80 ብር በግማሽ ተቀነሰ። በዘርፉ ይህ የጽሕፈት ቀዳዳ ተብሎ ይታወቃል፤ ከዲስክ መሞት ይልቅ የሚያስፈራውም ዝም ማለቱ ነው። ዲስኮች ራሳቸውም ነገሩን ያባብሱታል፤ ዳታው ገና በጊዜያዊ ማኅደራቸው ውስጥ እያለ “ጽፌያለሁ” ብለው መልስ የሚሰጡ አሉ። መብራት በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሲመጣ ሳጥኑ ገና ያለፈውን ሳያስተካክል መብራቱ እንደገና ይቆረጣል።

ለዚህ መድኃኒት የተፈለገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከመጻፍ በፊት “ይህን ልጽፍ ነው” ብሎ በማስታወሻ መያዝ ነው። ሁለተኛው አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን ሌላ ቦታ ጽፎ፣ ሲያልቅ ጠቋሚውን ማዞር ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የለቀቀው ዜድኤፍኤስና ክሪስ ሜሰን በኦራክል በ2007 የጀመረው ቢቲአርኤፍኤስ የተባሉት ፋይል ሲስተሞች ሁለተኛውን መንገድ ይከተላሉ። ሆኖም የቢቲአርኤፍኤስ መመሪያ ራሱ ሬይድ 5ን ለቁም ነገር እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል።

ሳጥኑ አልነሣ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ማጥፋት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ በተከፈተ ቁጥር ይበልጥ ይጎዳል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ዲስክ ከየትኛው ማስገቢያ እንደወጣ በማርከር ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ዲስክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል። ለዚህ ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይመረጣል፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል በፍጥነት ያወጣል፣ የታመመውን መዝግቦ ኋላ ይመለስበታል። አራት ዲስክ ለመቅዳት አራት ዲስክ ያስፈልጋል፤ ደንበኛ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ይህን ወጪ ለመሸሽ በዋናው ዲስክ ላይ የሚደረግ ሙከራ ግን መብራቱ ካደረሰው በላይ ያጠፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በቅጂዎቹ ላይ ነው። ሊኑክስ የሚያስተዳድረው ሬይድ በየዲስኩ ላይ አንድ መለያ ያስቀምጣል፤ የቡድኑ ስም፣ የዲስኩ ተራ፣ እንዲሁም ለውጥ በተደረገ ቁጥር የሚያድግ ቆጣሪ ይገኝበታል። ሦስቱ 5021 ብለው አራተኛው 4870 ካለ፣ እሱ ከቡድኑ የወጣው ቀደም ብሎ ነው፤ ሳጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ ሳለ ማንም አላየውም ማለት ነው። ይህ ዲስክ አብሮ ከገባ አሮጌና አዲስ ዳታ ይደባለቃል፤ ስለዚህ በሦስቱ ብቻ፣ ለንባብ ብቻ ይከፈታል። መለያው ራሱ ከጠፋ ተራውን መሞከር ግድ ይላል። አራት ዲስክ በ24 መንገድ ይደረደራል። ትክክለኛው የሚታወቀው ትልቅ ፎቶ ሳይቆራረጥ ሲከፈት ነው፤ ትንሽ ፋይል በአንድ ዲስክ ቁራሽ ውስጥ ስለሚያልቅ በተሳሳተ ድርድርም ሊከፈት ይችላልና አያስተማምንም።

ድርድሩ ተገኝቶ ፋይል ሲስተሙ አሁንም ካልተከፈተ የመዝገቡ ሽፋን ገጽ ሌላ ቅጂ ይፈለጋል። ኤክስት 4 የተባለው ፋይል ሲስተም ይህን ገጽ በተለያየ ቦታ ይደግመዋል፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቅጂ የሚገኘው 32768ኛው ብሎክ ላይ ነው። ቢቲአርኤፍኤስ በ64 ኪሎባይት፣ በ64 ሜጋባይትና ዲስኩ ከደረሰለት በ256 ጊጋባይት ርቀት ያስቀምጠዋል። ቼክ ዲስክን የመሰሉ ጠጋኝ ፕሮግራሞች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዳታ ያድናሉ ብሎ ያስባል፤ እነሱ ግን የተቀጠሩት መዝገቡ እርስ በርሱ እንዲስማማ ነው፣ ለማስማማትም የማይገባቸውን መስመር ይሰርዛሉ።

መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ ፎቶሬክን የመሰለ ፕሮግራም መደርደሪያውን ገጽ በገጽ ያስሳል። የጄፔግ ፎቶ ሁሉ አጀማመሩ አንድ ስለሆነ በእሱ ይለየዋል። ፎቶዎቹ ያለ ስምና ያለ ፎልደር ይመጣሉ፤ ተበታትኖ የተጻፈ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ግን በዚህ መንገድ ተሟልቶ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚቀረው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ነው፤ በአንድ ሳጥን ያሉ አራት ዲስኮች አብረው ይሰረቃሉ፣ አብረው ይቃጠላሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር ፊልሞቹ ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪልም የተላኩት በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፤ መጽሐፉ ባለበት ገዳም ላይ አደጋ ቢደርስ ፊልሙ ሌላ አህጉር ላይ አለ።

የተረፉት ፋይሎች ወደ አዲስ ዲስክ ይገለበጣሉ። የፋይሉ ስምና መጠን ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ቪዲዮው መሐሉም መጨረሻውም ተከፍቶ መታየት አለበት። ባለቤቱ ተቀምጦ አይቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው አራቱ አሮጌ ዲስኮች ሳይነኩ መሳቢያ ውስጥ ይቆያሉ።