ላሊበላ የምንጠጣው ቡና የየት ነው?

ላስታ ቡና አያበቅልም፡፡ ላሊበላ ከተማ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፡፡ ዙሪያዋ የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍና የባቄላ አገር ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ደግሞ የቡና ተክል አይችለውም፡፡ ያም ሆኖ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ እስከ ቅዳሜው ገበያ ድረስ ቡና የማይቆላበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል፡፡ በሆቴሎቹ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ በመንገዱ ዳር ጀበናው ይንተከተካል፡፡

በቅርቡ እዚያው ላሊበላ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ ሆቴል ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበረ የውጭ አገር እንግዳ አስተናጋጁን “ይህ ኤስፕሬሶ የየት ቡና ነው?” ሲል ጠየቀው፡፡ “የኢትዮጵያ ነው” አለ ልጁ፣ ኮራ ብሎ፡፡ እንግዳው አልረካም፤ “የአንድ አካባቢ ቡና ነው ወይስ ቅይጥ?” ብሎ ጨመረ፡፡ ልጁ ማሽኑ ላይ ያለችውን ጠየቀ፤ እሷ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀች፡፡ በመጨረሻ የመጣው መልስ “ከገበያ ነው” የሚል ነበር፡፡ እውነተኛ መልስ ነው፡፡ ጥያቄው ግን ለእንግዶች ብቻ የሚተው አይመስለኝም፤ ቡናውን ከሚጠጣው ሌላ፣ አምራቹ ገበሬ ዘንድ የሚደርሰውን ዋጋም የሚነካ ጉዳይ ነውና፡፡

ነገሩን ለማስረዳት ከጣሊያን መነሳት ይሻላል፡፡ በእንፋሎት ኃይል ቡና የሚያወጣ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው የቱሪኑ ሰው አንጀሎ ሞሪዮንዶ ነው፡፡ የሚላኑ ሉዊጂ ቤዜራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሻሻለው፡፡ ዛሬ ስኒው ላይ የምናየውን ወፍራም አረፋ፣ ማለትም ክሬማውን ያመጣው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋው የአኪሌ ጋጃ ባለማንሻ ማሽን ነው፡፡ አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው፡- ለአንድ ስኒ ሰባት ግራም ያህል በደቃቁ የተፈጨ ቡና ይጠቀጠቃል፤ ሙቅ ውሃ በዘጠኝ ባር ግፊት በዚያ ውስጥ ያልፋል፤ 25 ወይም 30 ሰከንድ ሲሞላ ያበቃል፡፡ (ለጠያቂ አንባቢ፡- በላሊበላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው፡፡ ድስት ላይ ላለ ባቄላ ችግር ነው፤ ለጀበና ግን ጉዳት የለውም፡፡ የማሽኑ ጋን ዝግ ስለሆነ ከፍታው ብዙም አይገደውም፡፡)

ግፊት ይሉኝታ የለውም፡፡ በጀበና ለስለስ ብሎ የሚሰማ ኮምጣጣነት በኤስፕሬሶ እንደ ሎሚ ምላስ ይይዛል፡፡ ጥቂት የሻገቱ ወይም ያረሩ ፍሬዎች ቢኖሩ ጣዕማቸው ሙሉውን ስኒ ይወርሰዋል፡፡ ጥሩ ቡና ከሆነ ደግሞ መዓዛው በሁለት ጉንጭ ውስጥ ተጠራቅሞ ይመጣል፡፡

ጣሊያንም እንደ ላስታ የቡና አብቃይ አይደለችም፡፡ የጣሊያን ቡና ቆዪ በመርከብ የሚመጣለትን ጆንያ ሁሉ እየቀመሰ መቀየጥን ሙያው አደረገው፡፡ በ1895 በቱሪን ሱቁን የከፈተው ሉዊጂ ላቫዛ ስሙን የተከለው በቅይጥ ቡና ነው፡፡ በ1933 በትሪየስቴ የተመሠረተው ኢሊ ደግሞ ዘጠኝ ዓይነት አረቢካ ቡናዎችን አዋህዶ አንድ ጣዕም በመሸጥ ይታወቃል፤ ከዘጠኙም አንዱ የእኛው ነው፡፡ የተለመደው የጣሊያን ቅይጥ የብራዚል ደረቅ ቡና ለክብደት፣ የታጠበ አረቢካ ለመዓዛ፣ አንዳንዴም ሮቡስታ ለአረፋና ለምሬት ይገባበታል፡፡ ሮቡስታ የካፌይን መጠኑ የአረቢካን እጥፍ ያህል ነው፤ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው፡፡

የቅይጥ ጥቅሙ ቀላል አይደለም፡፡ ቡና የእርሻ ምርት ስለሆነ ዘንድሮ የጣፈጠው ለከርሞ ላይደገም ይችላል፡፡ በ1975 ብራዚልን ውርጭ መትቶ የዓለም የቡና ዋጋ ሲንር፣ ቀያጩ የአንዱን አገር ቀንሶ የሌላውን በመጨመር ደንበኛው የለመደውን ጣዕም ለማቆየት መሞከር ይችል ነበር፡፡ ቀያጩ የሚሸጠው “ዛሬ የቀመስከውን በሚቀጥለው ዓመትም ታገኘዋለህ” የሚል ቃል ነው፡፡ የአንድ ቦታ ቡና ሻጭ ደግሞ “ይህ ከዚህ ተራራ፣ በዚህ ዓመት፣ በዚህ አኳኋን የተዘጋጀ ነው” ይላል፡፡ ሁለቱም ቃል ናቸው፤ በሕግ ዓይን ሲታዩም ጠባያቸው ይለያያል፡፡ ቀያጩ የሚጠብቀው የንግድ ሚስጥር ነው፤ ከምን ከምን እንደቀየጠ ባይነግረን መብቱ ነው፡፡ የአንድ ቦታ ቡና ሻጭ ግን የቦታውን ስም እየሸጠ ስለሆነ፣ ስሙ ሐሰት ከሆነ የሚሸጠው ነገር የለውም፡፡

በጣዕም ረገድ የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ለማኪያቶ ቅይጥ ይሻላል ባይ ነኝ፡፡ ቀለል ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ፣ አበባ አበባና ሎሚ ሎሚ የሚለው መዓዛው ወተት ውስጥ ሲገባ ይሸሻል፤ የቀረው ኮምጣጣነቱ ከወተቱ ጋር አይስማማም፡፡ ወተት የሚፈልገው ደንደን ያለ፣ መጠነኛ ምሬት ያለው ቡና ነው፡፡ ጥቁር ሲጠጣ ግን የአንድ ቦታ ቡና የሚሰጠውን ቅይጥ አይሰጥም፡፡ ሳይታጠብ በፀሐይ የደረቀ ጥሩ የሐረር ቡና በኤስፕሬሶ ቀምሶ የፍራፍሬ ጣዕሙን የለየ ሰው የምለው ይገባዋል፡፡

ይህ ልዩነት ደግሞ ከአዲስ አበባ ይልቅ ላሊበላ ላይ ይጎላል፡፡ ምክንያቱ ጾም ነው፡፡ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ የነቢያትን፣ የፍልሰታንና የሐዋርያትን ጾም ብንደምር ከዓመቱ ግማሽ ያህል ቀን ምእመኑ ወተት አይቀምስም፡፡ ቄስና ዲያቆን በሚበዛባት ከተማ ማኪያቶ ለግማሽ ዓመት ያህል ሥራ ፈት ነው፡፡ የማሽን ቡና የሚጠጣ ሁሉ ጥቁር ነው የሚጠጣው፤ የቡናውን ነውር የሚሸፍን ወተት የለም፡፡ (ቡና ራሱ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ለረጅም ጊዜ የእስላም መጠጥ ተብሎ ይወገዝ እንደነበርና ክልከላው የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደሆነ ስናስታውስ፣ ዛሬ የገና ተሳላሚ ከቅዳሴ መልስ የጀበና ቡና ከብቦ ማየት ያስገርማል፡፡)

እንግዲህ “የአንድ ቦታ” ስንል ቦታው ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፡፡ “ሲዳሞ” የሚለው የቡና ስም የድሮው ጠቅላይ ግዛት ስም ነው፤ ያ ጠቅላይ ግዛት የዛሬውን ሲዳማ ብቻ ሳይሆን ጌዴኦን፣ ጉጂንና ቦረናን ያቀፈ ነበር፡፡ ይርጋጨፌ በጌዴኦ ዞን ያለች ከተማና ወረዳ ብትሆንም፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የወናጎን፣ የኮቸሬንና የገላና አባያን ቡና ሁሉ ይርጋጨፌ ብሎ መድቦታል፡፡ የአንድ ገበሬ ማሳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር በታች በመሆኑ፣ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ በየዕለቱ የሚረከበው እሸት ቡና የብዙ መቶ ቤተሰቦች ነው፡፡ ስለዚህ መቀየጥ ሁልጊዜም አለ፡፡ የአንድ ቦታ ቡናን የሚለየው መቀየጡ የት ላይ እንደቆመ መታወቁ ነው፡፡

ይህንን መስመር ሕጋችን አንዴ ሲያሰምረው አንዴ ሲያጠፋው ኖሯል፡፡ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ ሲያመለክት፣ ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ማመልከቻ ቀደም ብሎ አስገብቶ ነበር፡፡ የአሜሪካ የቡና ማኅበርም ተቃወመ፡፡ ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸው ተነገረ፡፡ አገራችን የመረጠችው መንገድ ከሕግ አንፃር ድፍረት ነበረበት፡፡ የማረጋገጫ ምልክት ይሻላል የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ማሳዎችን እየዞሩ ማረጋገጥ የሚቻል አልነበረም፡፡ የንግድ ምልክት ግን ስሙን የአገር ንብረት አድርጎ፣ ለገዢው በነፃ ፈቃድ መስጠት አስቻለ፡፡

ያልፈታው ነገርም አለ፡፡ የንግድ ምልክት ዋና ሥራው በስሙ ማን እንደሚጠቀም መወሰን ነው እንጂ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቡና ስንት እጁ ይርጋጨፌ እንደሆነ መቁጠር አይደለም፡፡ በሃዋይ የኮና ገበሬዎች ለዓመታት ያማረሩት በዚህ ነው፡፡ “የኮና ቅይጥ” ተብሎ ለሚሸጥ ቡና የግዛቲቱ ሕግ የጠየቀው 10 በመቶ ኮና ብቻ ነበር፤ የቀረው 90 በመቶ ከየትም ሊሆን ይችላል፡፡ በ2024 የወጣ ሕግ ይህንን ከ2027 ጀምሮ ወደ 51 በመቶ እንዲያድግ ወስኗል፡፡

ስማችንን በውጭ ባስከበርን ማግስት፣ በአገር ቤት መልሰን አደበዘዝነው፡፡ በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ፣ ከአንድ ምድብና ደረጃ የሆነው ሁሉ በመጋዘን አንድ ላይ ይከማች ጀመር፡፡ ገዢው የሚያውቀው ምድቡንና ደረጃውን ነበር፤ የማን ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር፡፡ ለዋጋ ግልጽነትና ለክፍያ ዋስትና ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም፡፡ ቡናቸውን በቀጥታ መላክ የሚችሉት በዋናነት የገበሬዎች ዩኒየኖችና የራሳቸው እርሻ ያላቸው ነበሩ፡፡ አዋጅ ቁጥር 1051/2009 በሩን ካሰፋው በኋላ ግን አቅራቢውም በራሱ ስም መላክ ቻለ፡፡ ውጤቱን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተካሄደውን የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር መመልከት ይበቃል፡፡ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጧል፡፡ ያው ቡና ከሌላው ጋር ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ዶላር በሄደ ነበር፡፡

ወደ ላሊበላው ስኒ ልመለስ፡፡ የኢትዮጵያ ቡና ግማሽ ያህሉ እዚሁ አገር ውስጥ ይጠጣል፤ ሆኖም ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያሟላ ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ በአዋጅ 602 የተከለከለ ነበር፡፡ ለእኛ የተተወው ደረጃውን ያላሟላውና የኤክስፖርት ተረፈ ምርት ነው፡፡ የጅማው፣ የወለጋው፣ የሲዳማው ተራፊ በየነጋዴው እጅ እየተቀላቀለ በወልዲያና በጋሸና አድርጎ ላስታ ይደርሳል፡፡ ይህ እንግዲህ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ የአንድ ቦታ ቡናም አይደለም፣ የጣሊያኑ ዓይነት ቅይጥም አይደለም፡፡ ቅይጥ ቀምሶ የወሰነለት ባለሙያ አለው፡፡ ይህኛው ግን ማንም ሳያስብበት የተደባለቀ ነው፤ ዘንድሮ የጣመው ለምን እንደጣመ፣ አምና የመረረው ለምን እንደመረረ የሚናገር የለም፡፡ ነጋዴው “የሲዳማ ነው” ሲል ገዢዋ ፍሬውን በእጇ ዘግና አይታ፣ አንዱን ነክሳ ታምናለች፤ ተፈጭቶ ከመጣ ደግሞ ያም መፈተኛ የለም፡፡

የሸማቹን መብት የሚመለከት ድንጋጌ ጠፍቶ አይደለም፡፡ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ ይህ ድንጋጌ ለቡና ስኒ ሲጠቀስ እስካሁን አልሰማሁም፡፡ ለሲሚንቶና ለዘይት ግን ስንጠቅሰው እንውላለን፡፡

ላሊበላ በኮሮና ወረርሽኝ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደረሰባት ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 መጨረሻ ክልሉን ባዳረሰው ግጭት ጎብኚዎቿን ያጣች ከተማ ናት፡፡ ሆቴሎቹ ብዙ ወጪ አውጡ ቢባሉ የሚችሉ አይደሉም፡፡ እኔ የምለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ ማሽኑ አጠገብ ሁለተኛ ትንሽ ወፍጮ ማስቀመጥ፣ በአንዱ ለማኪያቶ የሚሆን ቅይጥ፣ በሌላው ለጥቁር የሚሆን የታወቀ ቦታ ቡና መፍጨት ነው፡፡ ቦታውን፣ የታጠበ ወይም ደረቅ መሆኑን፣ የተቆላበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ መለጠፍም ሳንቲም አያስወጣም፡፡ ቅይጡንም ቢሆን “የጅማና የሲዳማ ቅይጥ” ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፡፡ ሆቴሉ ይህን ለመጻፍ ነጋዴውን መጠየቅ አለበት፤ ነጋዴው አቅራቢውን ይጠይቃል፤ አቅራቢውም ጆንያዎቹን ሳይደባልቅ ለማቆየት ምክንያት ያገኛል፡፡ በሁዳዴ ጥቁር ቡና የሚያዙት የላሊበላ ደንበኞች ልዩነቱን ለመለየት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈጅባቸው አይመስለኝም፡፡